የጠላቂው መርዶ

አሜሪካ፣ ኮሎምበስ አጠገብ ካለችው ዌስተርቪል የተነሣነው ቅዳሜ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን በአገራችን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሦስት ሰዎች ነበርን፤ ጋሼ ደምሴ፣ ባለቤታቸው እትዬ ውብነሽ እና እኔ። የምንሄደው ወደ ሰሜን፣ ኤሪ ሐይቅ ዳር ወዳለችው ሳንደስኪ ነው። ዓላማችን መርዶ መንገር ነበር። ሟቹ ሳሙኤል ይባላል፤ ከሞተ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። እህቱ እትዬ አስቴር ግን እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ በሕይወት አለ ብለው ይጠብቁት ነበር።

እኔ ብርቄ እባላለሁ። የምኖረው የእነ ጋሼ ደምሴን ምድር ቤት፣ ቤዝመንቱን፣ ተከራይቼ ነው፤ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ አሽጋለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት ማውራት አልችልም። ከተመለስን ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ያገኘኝ ሁሉ «እንዴት ሆነ?» ሲለኝ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። ጋሼ ደምሴም እትዬ አስቴርም ጻፊው ብለውኛል።

ነገሩ የጀመረው ነሐሴ ላይ ኮሎምበስ ውስጥ፣ አንድ ሰርግ ላይ ነው። ጋሼ ደምሴ በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል ወታደር ነበሩ፤ ያውም ከልዩ ጦሩ፣ ጠላቂ ኮማንዶ። ይህን የሰሙ አንዲት የማናውቃቸው ሴትዮ ወደ ጠረጴዛችን መጡ።

«ይቅርታ፣ ባሕር ኃይል ነበሩ አሉኝ። ሳሙኤል የሚባል ጠላቂ ያውቃሉ? ረጅም ነው፣ የፊት ጥርሱ ትንሽ የተሸረፈ። ወንድሜ ነው። የመን አይተነዋል የሚሉኝ አሉ።»

ከሠላሳ ዓመት በፊት አገር ቤት ጦርነቱ ሲያበቃ ብዙ ባሕርተኞች በመርከብ ወደ የመን ተሻግረው ነበር። ስለዚህ ያልተመለሰ ሁሉ የመን አለ ይባላል።

«አላውቀውም፣ እህቴ» አሉ ጋሼ ደምሴ።

ሴትዮዋ አመስግነው ሄዱ። እናታቸው ሲጠብቁት እንደሞቱ፣ እሳቸውም እስከ ዛሬ በጸሎት ስሙን ከሕያዋን ጋር እንደሚጠሩ ለሌላ ሰው ሲናገሩ ሰማሁ። ፍታት አልተደረገለትም፤ ላልሞተ ሰው ፍታት የለምና። ጋሼ ደምሴ ከዚያ በኋላ ምግብ አልነኩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከራሴ በላይ ሲመላለሱ ይሰማኝ ነበር። ጥቅምት ላይ ለእትዬ ውብነሽ ተናዘዙ፤ ሳሙኤልን ያውቁታል፣ አብረውት ነበሩ፣ ሞቷል። እትዬ ውብነሽ ወዲያው ተነሡ፤ የሴትዮዋን አድራሻ ከሰርገኞቹ ጠይቀው አገኙ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ሰብሰብ ብሎ፣ ጎህ ሳይቀድ ሄዶ ነው የሚነገረው፤ የሚወድቀውን የሚደግፍ እንዲኖር። ጋሼ ደምሴ ሁለት የድሮ ጓዶቻቸውን ለመኗቸው። አንደኛው «ከስንት ዘመን በኋላ? ሴትዮዋ ለምዳዋለች፤ ተስፋዋን ምን ታድርገው?» አሉ። ሁለተኛው ደግሞ «ደምሴ፣ አንተ እኮ ውሃ ውስጥ እንጂ ሰው ፊት አትረባም» ብለው ቀልደው፣ ሺፍት አለብኝ አሉ። የንስሐ አባታቸው ለንግሥ በዓል ሌላ ስቴት ሄደዋል። እኔ የተጨመርኩት ለሹፌርነት ነው። ጋሼ ደምሴ ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ሆነዋል፣ እትዬ ውብነሽ ሃይዌይ አይነዱም። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ አራት ወሬ ነበር።

ሃይዌይ ሰባ አንድ

ፖላሪስ በሚባለው የገበያ ማዕከል አካባቢ ያለው ትራፊክ የቅዳሜ ገበያተኛ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ያዘን። ከዚያ በኋላ መንገዱ ባዶ ሆነ። የኅዳር በቆሎ ታጭዶ የአገዳው ጉቶ ብቻ ቀርቷል። ሜዳው አያልቅም። እዚህም እዚያም ነጭ ቤት፣ የእህል ጎተራ፣ ሰው የማይታይበት ግቢ። ከመንገዱ ዳር መኪና የገጫቸው አጋዘኖች ወድቀዋል። እስከ አምስት ቆጠርኩና ተውኩት። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ሰሜን አዙረው የወደቁ መሰለኝ።

«ብርቄ፣ ያ ትራክተር አለፈሽ» አሉ እትዬ ውብነሽ ከኋላ።

«ትራክተር አይደለም እትዬ፣ ፒክ አፕ ነው።»

«ምንም ይሁን፣ አለፈሽ። በዚህ አነዳድሽ ለተዝካሩ ነው የምንደርሰው።»

ጋሼ ደምሴ አልሳቁም። አጠገቤ ተቀምጠው የሚናገሩትን ያጠኑ ነበር፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ያዘጋጁት አጭር ነው፦ ወንድምዎ በግዳጅ ላይ ሞተ፤ ፈጥኖ ነው የሞተው፤ አልተሠቃየም፤ ይህን ከሰው ሰማሁ።

«ከሰው ሰማሁ ነው የምትለው?» አሉ እትዬ ውብነሽ። «አብሬው ነበርኩ አላልከኝም?»

«ለሷ የሚያስፈልጋት መሞቱ ነው።»

እትዬ ውብነሽ ወደ ኋላ ተደገፉ። እኔም መንገዱን አየሁ።

አንድ ጋዝ ስቴሽን ቆመን ቤንዚን ሞላን፤ ጋሎኑ ሦስት ዶላር ከአምስት ሳንቲም ነበር። ሻይና ብስኩት ገዛሁ። ከዚያ በትንሹ መንገድ ወደ ሐይቁ ስንታጠፍ ጉሙ ጀመረ። በመጀመሪያ ከእርሻው ላይ እንደ ጭስ ተነሣ፤ ቀጥሎ መንገዱን ሸፈነው። መብራት አብርቼ ቀስ ብዬ ነዳሁ፤ እትዬ ውብነሽም መቀለዱን ተዉት። ጋሼ ደምሴ ያኔ ነው ማውራት የጀመሩት። ቤታቸው በኖርኩበት አንድ ዓመት ከሰማሁት ንግግራቸው ሁሉ የዚያ ሰዓቱ ይበልጣል።

«የኛ መተንፈሻ አረፋ አያወጣም ነበር» አሉ። «አየሩን እዚያው አጥርቶ ይመልስልሃል። ስለዚህ ከላይ ያለ ሰው ከሥሩ መሆናችንን አያውቅም። ሥራችን የመርከብ ሆድ መፈተሽ ነው፤ ፈንጂ ተለጥፎ እንደሆነ በእጅ እየዳሰስን። አንዳንዴ ደግሞ ጠላት ያለበት ዳርቻ ድረስ ዋኝተን አይተን እንመለሳለን። ሁለት ሁለት ሆነን ነው። ውሃው ጭቃ ስለሆነ እጅህን እንኳ አታይም፤ ክንዳችን በገመድ ይታሰራል። ወሬያችን በገመድ ነው። አንድ ጊዜ መሳብ ‹ደህና ነኝ› ነው። አንድ ይመለስልሃል። አራት ጊዜ ከሆነ ‹አውጣኝ› ነው።»

«ሳሙኤል ነበር ጥንድህ?» አሉ እትዬ ውብነሽ።

«ሦስት ዓመት። አንድ ቀን ከእንጨት ድልድይ ሥር ተደብቀን፣ ከላይ ሁለት ዘበኞች ያወራሉ። አንዱ አማቱን ያማል፤ ዶሮ ወጥ ሠርታ እግሩን ብቻ ሰጠችኝ እያለ ያለቅሳል። ሳሙኤል ሳቅ ያዘው። ውሃ ውስጥ መሳቅ አይቻልም፤ ሰውነቱ ሁሉ ሲንቀጠቀጥ በገመዱ መጣልኝ። እኔም ሳቅኩ። ዘበኞቹ እግራቸው ሥር ሁለት ሰው በሳቅ ሊሞት መሆኑን አላወቁም።»

ትንሽ ፈገግ አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ጉም ብቻ ነበር።

ሳንደስኪ፣ አሥር ሰዓት

ሞቴሉ ከሐይቁ ትይዩ ነው። ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ስልሳ ሁለት ዶላር። በግቢው ከኛ መኪና ሌላ አልነበረም። ቁልፍ የሰጠን ሰውዬ «ለዓሣ ነው የመጣችሁት?» አለ። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ፤ ውሸት መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው።

ከውሃው ማዶ ትልቅ መዝናኛ ቦታ አለ፤ ለክረምቱ ተዘግቷል። በበጋ ሕዝብ ተሳፍሮ የሚጮህበት የጨዋታ ባቡር ሐዲድ ወደ ሰማይ ወጥቶ ይጠማዘዝና ጉሙ ውስጥ ይጠፋል። የዓሣ አጥንት ይመስላል። ድምፅ የሚባል የለም። ሐይቁ ባሕር ያህላል ግን ጨው ጨው አይሸትም፤ ጋሼ ደምሴ ደጋግመው አሸተቱ።

«ሽታ የሌለው ባሕር አይታመንም» አሉ።

የአካባቢው ዓሣ ፐርች ይባላል፤ ተጠብሶ ከድንች ጋር አሥራ ስድስት ዶላር ነው። እኔና እትዬ ውብነሽ አንዱን ተካፈልን። ጋሼ ደምሴ ሳይበሉ ወጥተው ወደ ዳርቻው ሄዱ። ስንከተላቸው ጫማቸውን አውልቀው ሱሪያቸውን እየጠቀለሉ ነበር። በእጃቸው ከመኪናው ኋላ ያወጡት የዕቃ ማሰሪያ ገመድ ይዘዋል።

«ምን ልትሆን ነው?» አሉ እትዬ ውብነሽ።

«ከግዳጅ በፊት ውሃ ውስጥ እንቆም ነበር። ትንፋሽ እንዲረጋ።»

«ኅዳር ነው! ኒሞኒያ ነው የሚያረጋህ! ቤት ገንዳ ውስጥ ግባ ስልህ ውሃው ቀዘቀዘ ትላለህ።»

«እስከ ጉልበቴ ብቻ ነው፣ ውቤ። ብርቄ፣ ነይ ያዢልኝ። በእኛ ክፍል ያለ ገመድ ማንም ውሃ አይነካም።»

አንዱን ጫፍ ክንዳቸው ላይ አሰሩ፤ ሌላውን መዳፌ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠሙልኝ። «አንድ ስስብ አንድ መልሺልኝ። አራት ከሳብኩ አትጠይቂኝ፤ ጎትቺ።»

ገቡ። ከአሥር እርምጃ በኋላ ጉሙ ዋጣቸው። ገመዱ ብቻ ከእጄ ተነሥቶ ወደ ነጩ ነገር ይገባል። አንድ ጊዜ ተሳበ። አንድ መለስኩ። ደስ አለኝ፤ ከሰው ጋር እንዲህ ያለ ቃል ማውራት ለኔ ይቀለኛል። ከዚያ ገመዱ ላላ።

ብዙ ቆየ። እጄ ቀዘቀዘ። ድንገት ገመዱ ተወጠረና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ኃይለኛ አልነበረም። ቀስ እያለ፣ እኩል እኩል፣ ቤቱ ይሁን አይሁን እርግጠኛ ያልሆነ ሰው በር ሲያንኳኳ እንደሚያደርገው። ባለ በሌለ ጉልበቴ ጎተትኩ። ከበደኝ። ጋሼ ደምሴ ቀጭን ሰው ናቸው፤ እንደዚያ አይከብዱም። እትዬ ውብነሽ መጥተው አብረውኝ ጎተቱ።

ጋሼ ደምሴ እየተንገዳገዱ ከጉሙ ወጡ። ከጉልበታቸው በላይ ደረቅ ነበሩ።

«ምን ሆናችሁ ነው? ልትጥሉኝ ነው?»

«አራት ሳቡ» አልኩ።

«አልሳብኩም።»

«አራት ነው፣ ጋሼ። ቆጥሬያለሁ።»

ክንዳቸው ላይ ያለውን ቋጠሮ አዩ፤ እኔን አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ። እትዬ ውብነሽ «ማዕበሉ ነው» አሉ ፈጥነው። «ማዕበሉ ነው የሳበው፤ በስመ አብ በሉ።»

ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ዓሣ ያጠምድ ነበር። ደህና መሆናችንን ጠየቀን። ኦኬይ ነን አልኩት። «ዛሬ ጥሩ ቀን ነው» አለ። «ማዕበል የሚባል የለም። እንደ መስታወት ተኝቷል።»

ያኔ ውሃውን አየሁት። እውነቱን ነው። አንድ እንኳ ማዕበል አልነበረም።

እሑድ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል

አልነጋም ነበር። የእትዬ አስቴር ቤት ከሐይቁ ሁለት መንገድ ገባ ብላ ያለች ትንሽ ነጭ ቤት ናት። መኪናውን ራቅ አድርጌ አቆምኩ። እትዬ ውብነሽ ጥቁር ልብስ ላይ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ለበሱ፤ ለእኔም አስተካከሉልኝ። «ስትጮህ በግራ በኩል ደግፊያት» አሉኝ። ጉሙ ከትናንቱ ብሶ ስለነበር የሦስታችን ኮቴ የአራት ሰው ይመስል ነበር። ዞሬ አላየሁም።

ጋሼ ደምሴ አንኳኩ። መብራት በራ። የበሩ ቀዳዳ ላይ ጥላ መጣና ቆመ። ረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ በሩ ተከፈተ።

እትዬ አስቴር የሦስታችንንም ፊት፣ ነጠላችንን፣ ከኋላችን ያለውን መንገድ አዩ። ማንን እንደሚፈልጉ አልገባኝም። ጋሼ ደምሴ አፋቸውን ሲከፍቱ እሳቸው ቀደሙ።

«ናቲዬ! ልጄን! ልጄን ውሃ በላው!»

ወለሉ ላይ ወደቁ። ናቲ ማን እንደሆነ አናውቅም። እትዬ ውብነሽ ግን የሚጠበቅባቸውን አደረጉ፤ ሴትዮዋ መርዶው ገባት ብለው ደረታቸውን እየመቱ አብረው ጮሁ። ያ ጩኸት ነገሩን አጸናው። እትዬ አስቴር ፊታቸውን መቧጨር ጀመሩ። ጋሼ ደምሴ ያጠኑት ሁሉ ጠፍቶባቸው ደፉ ላይ ቆመው ቀሩ።

እኔ በግራ በኩል ልደግፋቸው ስጎነበስ ግድግዳው ላይ ፎቶ አየሁ። ነጭ ቆብ ያደረገ፣ ጥቁር ሰማያዊ የባሕር ኃይል ልብስ የለበሰ፣ የኛ መልክ ያለው ልጅ። ከኋላው የአሜሪካ ባንዲራ። ያኔ ገባኝ። ከኋላችን የሚፈልጉት ሞት ሊነግር የሚመጣውን የወታደር መኪና ነበር።

በሕይወቴ ጮሄ አላውቅም። የዚያን ቀን ጮህኩ።

«እትዬ አስቴር! ናቲ አልሞተም! ናቲን አናውቀውም! በሌላ ሰው ነው የመጣነው!»

እትዬ ውብነሽ እጃቸውን ከደረታቸው አወረዱ። እትዬ አስቴር ግን ክንዴን ያዙኝ፤ ጥፍራቸው ገባ።

«አትዋሺኝ! መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ ይዋሻል! አሁን ደግሞ ‹ትንሽ አሞት ነው› ትሉኛላችሁ! አባቴ የሞተ ጊዜ እናቴን እንዲህ ብዬ ያታለልኩ እኔ ነኝ!»

ስልካቸውን አንሥተው ደወሉ። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሣም። ደግመው ደወሉ። በየጥሪው መካከል ነገሩን። ልጃቸው ወደ ባሕር ኃይሉ ልዩ ጦር ለመግባት ካሊፎርኒያ ሥልጠና ላይ ነው። ሐሙስ ዕለት የውሃ ልምምድ አለን፣ ለጥቂት ቀን አልደውልም ብሏቸዋል። ዓይን እንዳይበላው ብለው ለአንድም ሐበሻ አልተናገሩም፤ ኮሎምበስም በሰርጉ ጊዜ ስለ ወንድማቸው እንጂ ስለ ልጃቸው ትንፍሽ አላሉም።

«ማሉልኝ» አሉ። «አይ፣ አትማሉ። ለመርዶ ሲባል በውሸት ይማላል።»

እውነታቸውን ነው፤ በምን ያምኑናል?

ጋሼ ደምሴ ያኔ ገቡ። ወለሉ ላይ፣ ፊት ለፊታቸው ተንበረከኩ።

«የመጣሁት በሳሙኤል ነው» አሉ። «ሰርጉ ላይ አላውቀውም ያልኩዎት እኔ ነኝ። ጥንዴ ነበር። የመርከብ ሆድ ስንፈትሽ ርቀት ላይ ፍንዳታ ሆነ፤ ጭቃው ተነሣ። ወንድምዎን ከታች የወደቀ ሽቦ ያዘው። አራት ሳበኝ። አራት ማለት አውጣኝ ነው። እኔ አንድ መለስኩ። ገመዱን ይዤ ወረድኩ፤ እጁን ነካሁት፤ ሽቦውን አላገኘሁትም። አየሬ አለቀ። እንደገና አራት ሳበኝ። በቢላዬ ገመዱን ቆረጥኩት።»

ቤቱ ውስጥ የስልኩ ጥሪ ብቻ ይሰማ ነበር፤ ካሊፎርኒያ የሚጠራው።

«ወጥቼ በፍንዳታው ተበጠሰ አልኩ። በዚያው ሰሞን ጦርነቱ አበቃ፤ አዛዡም መዝገቡም ተበተነ። የሚያውቅ እኔ ብቻ ቀረሁ። በመንገድ ላይ ሌላ ነገር ነበር ያጠናሁት። ፈጥኖ ሞተ፣ ከሰው ሰማሁ ልልዎት ነበር።»

እትዬ አስቴር የጋሼ ደምሴን ፊት አዩ። ቀስ ብለው ስልኩን ዘጉት።

«ይሄ ለማጽናናት የሚፈጠር አይደለም» አሉ። «ሰው በራሱ ላይ እንዲህ ብሎ አይዋሽም። ናቲዬ አለ ማለት ነው።»

ከዚያ ሳቁ። እልል ሊሉ እጃቸውን ወደ አፋቸው ሲያነሡ ፎቶው አጠገብ ያለችውን ሌላ ትንሽ የደበዘዘች ፎቶ አዩ፤ ጥርሱ የተሸረፈ ወጣት። እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ሲስቁ የነበረው ድምፅ ሳይቋረጥ ለቅሶ ሆነ። የት ላይ እንደተለወጠ መለየት አልቻልኩም። እንደዚያ ያለ ድምፅ ዳግመኛ መስማት አልፈልግም።

በመጨረሻ ጋሼ ደምሴን «ውጣ» አሏቸው። አንቱታው ቀርቷል። «ለወንድሜ ላልቅስለት። መኪናህ ውስጥ ጠብቅ።»

ረፋድ

ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። እትዬ አስቴር ስላልቻሉ እኔ ነኝ ድምፁን ከፍ ያደረግኩላቸው።

«ማም? ዋት ሃፕንድ? ስንት ጊዜ ነው ኮል ያደረግሽው?»

እትዬ አስቴር መጀመሪያ ድምፁን ብቻ ሰሙ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው። ከዚያ «አጎትህ ሞተ» አሉት።

«ዊች ዋን?»

«ሳሚ።»

«ማም... እኔ ሳልወለድ አይደል የሞተው?»

«አይደለም» አሉ። «ዛሬ ነው የሞተው።»

ነገሩን ሁሉ በእንባ ነገሩት። ሰውየውን ማናገር እፈልጋለሁ አለ። ስልኩን ይዤ ወደ መኪናው የሄድኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ደምሴ ሞተሩን ሳያስነሡ፣ መስኮቱ በትንፋሻቸው ጭጋግ ለብሶ ተቀምጠዋል። የልጁ አማርኛ የተሰባበረ ነው፤ ግን ይገባል።

«ሰር፣ ሃው ሜኒ ፑልስ?»

«አራት።»

«የኛም አራት ነው» አለ። «ያው ነው። ፎር ፑልስ።»

ጋሼ ደምሴ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙ። «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር፣ ልጄ?»

ከወዲያ በኩል የባሕር ድምፅ ይመጣ ነበር። ወይም እኔ እንደዚያ መሰለኝ።

«አይ ዶንት ኖው፣ ሰር» አለ ልጁ። «በየቀኑ ነው የማስበው። አላውቅም።»

ስመለስ እትዬ አስቴር ግድግዳው ላይ ያለውን የቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ አውርደው፣ እስክሪብቶ ይዘው ተቀምጠዋል። «ጥሪው» አሉኝ። ጋሼ ደምሴ ገብተው በሩ አጠገብ ቆሙ።

«ቀኑን ታውቀዋለህ?»

«የግንቦት ልደታ ማግስት ነው።»

«በልደታ ንፍሮ በልታችሁ ነበር?»

«በልተናል። ከእኔ ድርሻም ወስዶብኛል።»

እትዬ አስቴር አንገታቸውን ነቀነቁ። «እሱ ነው» አሉ። «ከሁላችንም ይወስድ ነበር።» በግንቦት ሁለት ላይ ክብ አደረጉና የክርስትና ስሙን ጻፉ። ከዚያ ከአጠገባቸው ያለውን ወንበር በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። ጋሼ ደምሴ ቀስ ብለው ተቀመጡ። እስኪመሽ ድረስ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው አለቀሱ።

ስንወጣ እትዬ አስቴር በሩ ድረስ ሸኙን። «ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩም» አሏቸው። «ለፍታቱ ግን ኮሎምበስ እመጣለሁ። አንተም ከቤተሰብ ጋር ነው የምትቆመው።»

«እቆማለሁ» አሉ ጋሼ ደምሴ።

ወደ ቤት

ጉሙ እስከ ግማሽ መንገድ አብሮን መጣ። እትዬ ውብነሽ «በሰው ልጅ ላይ አለቀስኩበት፤ በደህናው ልጅ ላይ» አሉ። ደጋግመው አሉት። ጋሼ ደምሴ ተኝተው ነበር፤ ከነሐሴ ወዲህ እንደዚያ ሲተኙ አላየሁም። አፋቸው ተከፍቶ፣ እንደ ሕፃን። ስለ ዳርቻው፣ ስለ አራቱ፣ ማናችንም አላነሣንም። እጄ ላይ የገመዱ ሰንበር ግን ለቀናት ቆየ።

ዌስተርቪል የደረስነው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን አስቤበታለሁ፤ የተማረ ሰው የተሻለ ይለው ይሆናል። እኔ የምለው ይህን ነው፦ መርዶ ይዞ የሚሄድ ሰው በሩ ሲከፈት የሟቹን ስም አያስቀድም። መጀመሪያ በሕይወት ያሉትን አንድ በአንድ ይጥራ። ማን ማንን እየጠበቀ በሩ ኋላ እንደሚቆም አይታወቅም።

ወደ ቤዝመንት ወርጄ ነጠላዬን እንደለበስኩ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ናፈቀችኝና ደወልኩ። እዚያ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት መሆኑን ያሰብኩት ስልኩ ከተነሣ በኋላ ነው።

«ማነው?» አለች እናቴ። «ማን ሞተ?»

«እኔ ደህና ነኝ እማ» አልኳት። «አባባ ደህና ነው። ታደሰ ደህና ነው። ዘነቡም፣ ልጆቿም። አንቺም ደህና ነሽ።»

ትንፋሽዋ እስኪመለስ ጠበቅኩ።

«ታዲያ በዚህ ሌሊት ምን ልትነግሪኝ ደወልሽ?»

«ይኸንኑ» አልኳት።